አሥራ ሁለተኛው ከረጢት

መምህሩን ሞተው ያገኟቸው ንብ አናቢው ሽማግሌ ናቸው። ረፋዱ ላይ፣ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ቀፎዎቻቸውን አይተው ሲመለሱ ነጩን ባርኔጣ መስኩ መሃል ወድቆ አዩት። መምህሩ ያለ ባርኔጣቸው ከደጃፍ እንኳ ስለማይወጡ ሽማግሌው ልባቸው ፈራ። ጠጋ ሲሉ መምህሩ ከባርኔጣው ሁለት እርምጃ አልፈው በግንባራቸው ተደፍተዋል። አንገታቸው አብጦ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ሊበጥስ ደርሷል፤ ከጆሯቸው ሥር የንብ መውጊያ ተሰክቶ ቀርቷል።

ምን እንደሆኑ ለማወቅ ሐኪም አላስፈለገም። አንዲት ንብ ብትነድፋቸው ሩብ ሰዓት እንደማይቆዩ በዚያ ትንሽ የምርምር ጣቢያ የማያውቅ የለም። እስክሪብቶ የምታክል የመድኃኒት መርፌ ከቦርሳቸው ጎን ኪስ የማትለየውም ለዚህ ነበር። በየማለዳው መርፌዋን እዚያ ኪስ የሚከቱት ባለቤታቸው ናቸው። በዚያ ቀን ግን ኪሱ ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ መርፌዋም ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ፣ ከወይዘሮዋ መነጽር አጠገብ ተቀምጣ ተገኘች።

ስለዚህ መርማሪዋ ከሰዓት በኋላ ስትደርስ ፍርዱ አልቆ ጠበቃት።

«ምንም የሚመረመር ነገር የለውም» አላት ቀድሟት የደረሰው ፖሊስ። «ንብ ነደፋቸው፣ መርፌ አልነበረም፣ ሞቱ። አሮጊቷ ረስተው ነው። ሰሞኑን ነገር ይጠፋባቸዋል አሉ።»

«ማን አለ?»

«ሁሉም።»

«‹ሁሉም› ቃሉን ሲሰጥ የት ላይ ነው የሚፈርመው?» አለችና ጫማዋን ጠበቅ አድርጋ አስራ ወደ መስኩ ወረደች።

ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። የነገሯትን ሁሉ ዝም ብላ ተቀብላ ነፍታ ነፍታ ጠጠሩን ስለምታስቀር ነው። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ቶሎ የማትቆጣና ቶሎ የማትረሳ ሴት ናት። አበባ ግን አታውቅም። ቤቷ ያለችው አንዲት ተክል እንኳ የፕላስቲክ ናት።

መስኩ በጸደዩ ፀሐይ ቢጫ ለብሷል። የፈኩት እነዚያ የትም የሚበቅሉት አበቦች ናቸው፤ ሲያረጁ ነጭ ድቡልቡል ጥጥ ይሆኑና ልጆች እፍ ብለው የሚበትኗቸው። መምህሩ ከወደቁበት አጠገብ አሥራ ሁለት እምቡጦች በመስመር ቆመዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ ስስ የጨርቅ ከረጢት ተሸፍኖ አንገቱ በክር ታስሯል። መርማሪዋ ጉልበቷን እየረገመች ተንበረከከች። አሥራ አንዱ ቁጥርና ቀን የተጻፈበት ወረቀት ተንጠልጥሎባቸዋል። አሥራ ሁለተኛው የለውም። ወረቀቱ ምንም ሳይጻፍበት ከምላጭ ጋር ሣሩ ውስጥ ወድቋል። ከረጢቱ ግን ጥብቅ ብሎ ታስሯል፤ ከክሩ ሥርም እምቡጡ አንገት ላይ ጥጥ ተጠምጥሞበታል። ሌሎቹ ላይ ጥጥ የለም። ቦርሳውን በረበረች፦ ክር፣ ከረጢት፣ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ደብተር። እዚያም ጥጥ የለም።

አስከሬኑ ሲነሳ ሌላ ነገር አየች። መምህሩ የተኙበት ቦታ ላይ ሣሩ ተድጧል፤ አበቦቹም ተጨፍልቀዋል። በዙሪያው ያለው ሁሉ እንደ ሳንቲም ተዘርግቶ ፈክቶ ሳለ ከሥራቸው ያሉት ሁሉ ጭብጥ ብለው እንደተዘጉ ነበሩ። ከእነሱ አምስቱን በመሐረብ ጠቅልላ ኪሷ ከተተችና ወደ ቤቱ ወጣች።

ወይዘሮዋ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠው መደርደሪያውን ያያሉ። ልጃቸው፣ የጣቢያው አበባ ሠዓሊ የሆነችው፣ መስኮቱ ጋ ቆማ ጀርባዋን ሰጥታቸዋለች።

«እናቴ፣ ዛሬ ጠዋት መርፌዋን ቦርሳው ውስጥ ከተዋል?» አለቻቸው መርማሪዋ።

«ከትቻለሁ» አሉ። ትንሽ ቆይተው፣ «የከተትኩ ይመስለኛል» አሉ። ቀጥለውም በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣ «አላውቅም ልጄ። ባለፈው ሳምንት ምድጃ ላይ ማሰሮ ጥጄ ረስቻለሁ። መነጽሬን በቀን አሥር ጊዜ ነው የምፈልገው። እጄ ኪሱን ሲዘጋ ትዝ ይለኛል፤ ግን የዛሬ ይሁን የትናንት በምን አውቃለሁ? አርባ ዓመት ሙሉ ያው ኪስ ነው።»

«ነግሬሽ ነበር!» ልጅቷ ዘወር አለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። «እኔ ልያዘው፣ ለኔ ተዪው ብዬሽ ነበር እኮ እማዬ! እምቢ አልሽ። ይኸው አባዬን…» አልጨረሰችውም። እናትየው አልተከላከሉም። ያ ነው መርማሪዋን ያሳዘናት።

ልጅቷ በሯን ዘግታ ስትወጣ መርማሪዋ ወንበር ስባ ከወይዘሮዋ አጠገብ ተቀመጠች።

«ከረጢቶቹ ለምንድን ናቸው?» አለቻቸው።

አሮጊቷ ቀና አሉ። ስለ ባላቸው ሥራ ሲጠየቁ ፊታቸው ላይ ደም ተመለሰ። «አበባ ሁሉ ዘር ለመያዝ ከወንዴው ብናኝ ይፈልጋል አይደል? ንብ ታመጣለታለች፣ ወይ ነፋስ። እሱ ግን ባለፈው ጸደይ አንድ ነገር ጠረጠረ። እምቡጧ ሳትከፈት ከላይ ግማሽዋን በምላጭ ቆርጦ ይጥላል። ብናኝ የሚሰጠውም የሚቀበለውም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ ንብ እንዳትደርስባት ይሸፍናታል። እንዲያም ሆና ዘር ያዘች! ከአርባው ሠላሳ ስምንቱ። እየሳቀ መጥቶ ‹ባል የማያስፈልጋት ሴት አገኘሁ› አለኝ። ‹እኔንስ መቼ አጣኸኝ› አልኩት።»

መርማሪዋ ፈገግ አለች። «ባል ካላስፈለጋት ለምን ታጌጣለች?»

«እኔም ጠየቅኩት። ልማድ ነው አለኝ። ከእናት ከአያቷ የወረሰችው። ልጆቿ ሁሉ ቁርጥ እሷን ናቸው፤ አባት የሚባል ነገር የለባቸውም።»

«ይህን ሌላ ማን ያውቃል?»

«ዛሬ ጠዋት እዚሁ ጣቢያ አብሮት ለሚመራመረው ለምክትሉ ሊነግረው ነበር። ‹ስለዚችው አበባ የጻፈው መጽሐፍ ሳይታተምበት ይወቅ፣ በዓይኑ ይይ› ብሎ ነው ትናንት የተኛው። ከዚያ ወዲያ ግን ምክትሉ እንደነገረኝ አልተገናኙም።» አንገታቸውን ደፉ። «እሱም ቢሆን አሥር ዓመት እዚሁ ገበታ የበላ ልጄ ነው። ዛሬ ጠዋት እንኳ ሦስት ሰዓት ላይ በጓሮ በር ገብቶ ዳቦውን ከዚህ ከወጥ ቤት ያቀረበልን እሱ ነው።»

ንብ አናቢውን ያገኘቻቸው ከዛፎቹ ሥር፣ እጃቸውን ጭናቸው መሃል ከትተው ነው።

«ላቃጥላቸው ነው» አሉ ወደ ቀፎዎቹ እያዩ። «አንድ ሳላስቀር።»

«ይተዉ አባባ። ንብ ሰው ለመግደል አትወጣም። ስንት ሰዓት ነው የሚወጡት?»

«ፀሐይ ሞቅ ሲል። አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ እነዚህ የፍራፍሬ ዛፎች ላይ ናቸው። ያቺን የመስኩን ቢጫ ግን እሷ ካልተከፈተች አይነኳትም፤ እሷ ደግሞ ከሦስት ሰዓት በፊት ዓይኗን አትገልጥም። ሲመሽ ትዘጋለች። ሰነፍ ናት።»

«እርስዎ ጠዋት የት ነበሩ?»

«እስከ ሦስት ሰዓት ከዛፎቹ ወዲያ፣ ከዚያ ቁርስ። አራታችንም ገበታ ላይ ነበርን፣ ከጌታዬ በቀር። እሳቸው መስክ ከወረዱ ቁርስ አያስታውሱም።»

ምክትሉ የመስታወቱ ቤት ውስጥ ነበር። አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ጥፍሩ ንጹሕ፣ ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው ነው። ከበሩ እስከ ግድግዳው ድረስ በተደረደሩ ማሰሮዎች ላይ ያቺው ቢጫ አበባ በከረጢት ተሸፍና ቆማለች።

«ስምንት ዓመት» አላት እጁን ዘርግቶ እያሳያት። «ግንዷ ቀይ የሆነችውን ቅጠሏ ሰፊ ከሆነችው ጋር አዳቅላለሁ። በብሩሽ፣ ብናኙን ከአባት አንሥቼ ለእናት። መጽሐፉ በመጪው ወር ይወጣል። መምህሬ ሳያዩት…»

«ልጆቹ ማንን ይመስላሉ?»

«እናታቸውን። የእናት ደም የበረታ ነው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም ማለት ይቻላል።»

ጎንበስ ብላ አንዱን ከረጢት አየች። «ይህ ጥጥ ምንድን ነው? እኔ አላዋቂ ነኝ፣ አይታዘቡኝ።»

«እሱ የራሴ ዘዴ ነው» አለ፤ ኀዘኑ መሃልም ቢሆን ኩራቱ አላመለጠውም። «በክር ብቻ ከታሰረ ጉንዳን በግንዱ ወጥታ ትገባለች። አንዲት ጉንዳን ከገባች የስምንት ዓመት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። መምህሬ ‹ታካብዳለህ› ይሉኝ ነበር። እኔ ግን አበባ ተገልጦ ሳይ እንቅልፍ አይወስደኝም።» ከካፖርቱ ኪስ ጥጥ መዝዞ አሳያት።

«መምህሩን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አዩአቸው?»

«በዚህ መስኮት። ከቁርስ ተመልሼ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ። ነጭ ባርኔጣቸው መስኩ ላይ ይንቀሳቀስ ነበር። የፈኩትን ይቆጥሩ መስሎኝ አልወረድኩም። ብወርድ ኖሮ!»

መጨረሻ የሄደችው ወደ ሠዓሊዋ ክፍል ነው። ሁለት ሳንቃ መሃል፣ በጋዜጣ የተጫኑ የደረቁ አበቦች ጠረጴዛውን ሞልተውታል። ልጅቷ አልቅሳ ደክሟታል።

«ፈክተው የሚታዩት እንዴት ሳይዘጉ ደረቁ?» አለቻት መርማሪዋ።

«ፈክተው ስለጫንኳቸው። ክብደት ያገኘው አበባ መንቀሳቀስ አይችልም፤ እንዳገኘሽው ይቀራል። ተዘግቶ ከተጫነ ተዘግቶ ነው፣ ተከፍቶ ከተጫነ ተከፍቶ። ለዚህ ነው ማለዳ የማልለቅመው።»

መርማሪዋ መሐረቧን ፈታ አምስቱን አበቦች ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «እነዚህስ?»

«እነዚህ ሳይከፈቱ ነው የተጫኑት። ከየት አመጣሻቸው?»

መርማሪዋ አበቦቹን መልሳ በመሐረቧ ጠቀለለቻቸው።

በማግሥቱ ጠዋት የሐኪሙም የመርፌዋም ውጤት እንደደረሳት አራቱን ሠዓሊዋ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ፖሊሱ በሩ ላይ ቆመ። ወይዘሮዋ በአንድ ሌሊት አሥር ዓመት አርጅተዋል፤ ምክትሉ ክንዳቸውን ደግፎ አስቀመጣቸው።

«ማንንም አላቆይም» አለች መርማሪዋ። «ሁላችሁም የምትሉት አንድ ነው፤ እናታችን መርፌዋን ረስተው መደርደሪያ ላይ ተዉት። እሺ። በየቀኑ በእጃቸው ከመደርደሪያው አንሥተው ቦርሳ የሚከቱት ዕቃ ነው። ረስተው ከተዉት የጣታቸው አሻራ እላዩ ላይ መኖር ነበረበት። ትናንት አስመረመርኩት። የማንም አሻራ የለበትም። ከታጠበ ብርጭቆ ይነጻል። የረሳ ሰው የረሳውን ነገር ወልውሎ አይረሳም።»

ወይዘሮዋ ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«ስለዚህ መርፌዋ ከመምህሩ ጋር ወጥታለች፤ ከቦርሳው ወጥታም ተመልሳለች። ማን መለሳት? መምህሩ ሲወድቁ አጠገባቸው የነበረ ሰው። ነበረ የምለው በግምት አይደለም። መምህሩ አሥራ ሁለተኛውን እምቡጥ ቆርጠዋል። ከዚያ ንቧ ነደፈቻቸው። ምላጩ ወደቀ፣ ወረቀቱ ሳይጻፍበት ወደቀ። ከረጢቱ ግን ታስሯል። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ተረጋግቶ ክር አያስርም። እሺ፣ አሰሩ እንበል። ጥጡን ከየት አመጡት?»

ሠዓሊዋ ቀስ ብላ ወደ ምክትሉ ዞረች።

«መምህሬ ከኔ ለምደው ይሆናል» አለ እሱ። ድምፁ ልሙጥ ነበር።

«አሥራ አንዱ ላይ የለም፤ ቦርሳቸውም ውስጥ የለም። ሰውዬው ‹ታካብዳለህ› ይሉህ እንደነበር የነገርከኝ አንተው ነህ።» ትናንት «እርስዎ» ስትለው የነበረችው ሴት ዛሬ «አንተ» ስትለው ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ሰማ።

«ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በሕይወት አይቻቸዋለሁ! ከዚያ በኋላ ከመስታወቱ ቤት አልወጣሁም።»

«ያየኸው ባርኔጣ ነው እንበል። መምህሩ ግን በዚያ ሰዓት ከሞቱ ቆይተዋል። ከሥራቸው ያሉት አበቦች በሙሉ ዝግ ናቸው። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መስኩ ሁሉ ፈክቶ ነበር።»

«አስከሬን ጨለማ ነው» አለ ምክትሉ ፈጥኖ። «በጨለማ ይዘጋሉ። ይህን ማንም ተማሪ ያውቃል።»

«አይዘጉም» አለች ሠዓሊዋ። የመለሰችው መርማሪዋ ሳትሆን እሷ መሆኗ እሷንም አስደነገጣት። «ከተጫኑ አይዘጉም። ስጭን አጠገቤ ሆነህ ስንት ጊዜ አይተሃል። አባዬ የወደቀው ከሦስት ሰዓት በፊት ነው።»

«ከሦስት ሰዓት በፊት ደግሞ» አለች መርማሪዋ፣ «አባባ ከቀፎአቸው ጋር ነበሩ፣ እናትና ልጅ እዚህ ቤት ነበሩ። እዚህ ቤት ካሉት መካከል ኪሱ ጥጥ የማይለየው አንድ ሰው ብቻ ነው። በጓሮ በር ገብቶ፣ ዳቦ ለማቅረብ ወጥ ቤት ብቻውን የቆየውም ያው ሰው ነው። መደርደሪያውም እዚያው ነው፣ መነጽሩም እዚያው። እናታችን ነገር እንደሚጠፋባቸው ያውቃል። ጥፋቱን ማን ላይ እንደሚጥለው ለማሰብ ብዙ አልደከመም።»

ከቦርሳው የወጣውን ደብተር ከፈተች። «ምክንያቱ ደግሞ እዚህ አለ። መምህሩ ባለፈው ጸደይ የጻፉት ነው፦ ‹ይህች አበባ ያለ አባት ትወልዳለች። እንግዲያው የልጄ የስምንት ዓመት ድቅል አንዱም ድቅል አይደለም፤ ብሩሹ ያደረገው ነገር የለም። እንዴት አድርጌ ልንገረው?› ይላል። ልጄ ነው ያሉህ። ትናንት ማለዳ በዓይንህ እንድታይ ጠሩህ፤ ወረድክ። ፊትህ እየቆረጡ ነገሩህ። ከዚያ ወደ ፍራፍሬ ዛፎቹ የምታልፍ ንብ መጣች። ንቧን አንተ አላመጣሃትም፤ ይህን አልልህም። አንተ ያደረግከው መርፌዋን ከኪሱ አውጥተህ መቆም ነው።»

«ግን ለምን አሰረው?» አለ ፖሊሱ ከበሩ ሳያስበው። «ጥሎ ቢሄድ እኮ ማንም አያውቅም ነበር።»

«ልማድ ነው መሰለኝ» አለች መርማሪዋ። «አበባ ተገልጦ ሲያይ እንቅልፍ አይወስደውም።»

ምክትሉ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን የደረቁ አበቦች ያይ ነበር። እምቢ ይላል ብለው ሁሉም ሲጠብቁ ወይዘሮዋ ቀድመውት ተናገሩ።

«ምን አለህ?» አሉት።

«እማማ…»

«ሲሞት አጠገቡ ነበርክ። እኔ አልነበርኩም። ምን አለህ?»

«መናገር አልቻሉም» አለ። «እጃቸውን ዘረጉ። መርፌዋን የሚለምኑኝ መስሎኝ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ደግመው ዘረጉ። በኋላ ሳይ… ወደ እኔ አልነበረም። ወደ አሥራ ሁለተኛው ነበር። ሳይሸፈን እንዳይቀር ነው። ልማድ አይደለም፤ እሳቸው ናቸው በእጃቸው ‹ሸፍነው› ያሉኝ። እኔም ሸፈንኩት። ስጨርስ አልነበሩም።»

ንብ አናቢው ሽማግሌ በእጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ፖሊሱ ወደ ምክትሉ ቀርቦ ክንዱን ያዘው፤ እሱም ሳይታገል ተነሣ። በበሩ ሲወጣ ማንም አላየውም።

ሠዓሊዋ እናቷ እግር ሥር ቁጭ ብላ ጉልበታቸውን ይዛለች። «እማዬ፣ እኔ… ትናንት ያልኩሽን…»

«ከትቼው ነበር» አሉ ወይዘሮዋ።

«አዎ እማዬ።»

«በጎን ኪሱ። ኪሱንም ዘግቻለሁ።»

«አዎ። ይቅር…»

«ይቅርታውን ነገ ትይኛለሽ» አሉ የልጃቸውን እጅ ከጉልበታቸው ላይ ቀስ አድርገው እያነሱ። «ከትናንት ጀምሮ ራሴን ስከስስ አላለቀስኩለትም። ዛሬ ተዪኝ፣ ለባሌ ላልቅስ።»

መርማሪዋ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።